በነዋሪው ጥያቄ መሠረት

«የስህን ሱቅ ዛሬ ሊታሸግ ነው አሉ።»

«እሷው ራሷ ፈርማ የለ እንዴ። ማን ምን ያድርጋት።»

ስህን ይሄን የሰማችው ጓሮዋ ተቀምጣ ባዶ የቢራ ጠርሙስ በሳጥን ስትደረድር ነው። ከቆርቆሮው አጥር ወዲያ ሁለት ሴቶች ባዶ ጀሪካን እያንኳኩ ወደ ቦኖው ይወርዳሉ። የሁለተኛዋን ድምፅ ታውቀዋለች። ወይኒቱ ናት፣ ሦስት ቤት ወረድ ብላ ያለችው፣ ትናንት ግማሽ ሊትር ዘይት ልትገዛ መጥታ አንድ ሰዓት ሙሉ ስታወራ የቆየችው። ስለ በጉ ዋጋ አውርታለች፣ ስለ አማቷ ጉልበት አውርታለች፤ ስለ ማሸግ ትንፍሽ አላለችም። ስህን በአጥሩ ላይ ልትጠራት አፏን ከፍታ ተወችው። ፈርማ የለ እንዴ ነው ያለችው? እኔ ምን ፈርሜ? ሰው በገዛ ሱቁ ላይ ይፈርማል እንዴ? ጠርሙሱን አስቀመጠችና እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወደ ቤት ገባች።

ሱቋ አንድ ክፍል ናት። ከፊት መደርደሪያው ላይ ሳሙና፣ ፓስታ፣ ጨው፣ ሻማ፣ ብስኩት። ከመጋረጃው ኋላ ሁለት አግዳሚና አንድ ጠረጴዛ፤ እዚያ ቢራና አረቄ ይጠጣል። በፈቃድ ነው፣ በየዓመቱ የሚታደስ፣ በመስታወት ተደርጎ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ። ማለዳ ከሐይቁ የሚመለሱ አሣ አጥማጆች እጃቸው ደንዝዞ ይመጣሉ፣ አንዳንድ መለኪያ ይሉና ዳቦ ገምጠው አሣቸውን ይዘው ወደ አስፋልቱ ይወጣሉ። አመሻሽ ላይ አስተማሪዎች አንዲት ቢራ ለሁለት ሰዓት ያቅፋሉ። አንድ ሰዓት ተኩል ሲል ትዘጋለች። ሰፈሩ ውስጥ ሰክሮ ቦይ የገባ ሰው ካለ ሌላ ቤት ጠጥቶ የመጣ ነው፤ ይሄን ሁሉም ያውቃል። ሳሙናው አያተርፍም። ዘይቱም አያተርፍም፣ ዛሬ በገዛሽበት ዋጋ ነገ አታገኚውም። ሳሙናው ለሰፈሩ ነው፤ ለስህን ቢራውና አረቄው ነው። ልጇ ሕይወት ደሴ ሆና ነርስነት የምትማረው በመለኪያ ነው። በጦርነቱ ጊዜ መደርደሪያው ሳይቀር ተነቅሎ ተወስዶባት፣ ከአንድ ካርቶን ሻማ ተነስታ ነው እዚህ የደረሰችው። መጠጡ ከተነሳ ሱቋ ሦስት ወር አትቆምም። ይሄን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም።

ወንድሟ አምሳሉ ቁርሱን እየበላ ነበር። ከሱቁ ኋላ ባለችው ክፍል ነው የሚኖረው። እናታቸው ስትሞት የስምንት ዓመት ልጅ ነበር፤ ያሳደገችው እሷ ናት፣ ያስተማረችው እሷ ናት፣ ፊደልም ያስቆጠረችው እሷ ናት፣ በዱቄት ከረጢት ጀርባ ላይ በከሰል እየጻፈች። አሁን ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፣ የቀበሌው ምክር ቤት ጸሐፊ ነው፣ ኮት ይለብሳል። ሁልጊዜ ጠዋት እየበላ ስልኩን ይነካካል፣ ትንሽ ያማርራል፣ ሽሮው ጨው አነሰው ይላል። ዛሬ ስልኩን አልያዘም። ጨው አነሰው አላለም። አቀርቅሮ ይበላል።

«አምሳሉ፣ ሱቄ ይታሸጋል የሚሉት ምንድነው?»

የጎረሰውን አኘከ። ረጅም ጊዜ አኘከ። የትናንት ሽሮ ይሄን ያህል አያስኝክም።

«ቢሮ ሂጂና ጠይቂ፣ እትዬ። እኔ የቢሮ ነገር እቤት አላወራም።»

«ቢሮው ውስጥ ያለኸው አንተ አይደለህም?»

«ለዛ ነዋ» አለና ተነሳ። እጁን ታጠበ። ኮቱን አጠለቀ። በጓሮ በኩል ዞሮ ወጣ፤ ሁልጊዜ በሱቁ ነበር የሚወጣው።

እሷም ነጠላዋን ጣል አድርጋ ሱቁን ቆልፋ ወጣች። ቀበሌው ግቢ ስትደርስ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር፤ አቶ ታመነ ሦስት ከሩብ ገቡ። ሊቀ መንበሩ እሳቸው ናቸው። ቁመታቸው አጠር፣ ድምፃቸው ለስለስ ያለ፣ ሰው ሲያባርሩ እንኳን «እህቴ» ብለው ነው። አግዳሚው ላይ የተቀመጠውን ሁሉ ሰላም አሉ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቁ፣ ከዚያ እሷን ፊት ለፊታቸው አስቀመጡና በቃል የተጠና የሚመስል ነገር ሳያቋርጡ አወሩላት። ከበላይ አቅጣጫ ወርዷል። እያንዳንዱ ቀበሌ መጠጥ ከሚሸጡ የሰፈር ሱቆች ሦስቱን ይቀንስ ተብሏል። ምክር ቤቱ ማክሰኞ ተሰብስቦ ወስኗል። ሁለቱ ሱቆች ትናንት ታሽገዋል። ሦስተኛው የእሷ ነው፣ ዛሬ አሥር ሰዓት።

«ምን አጠፋሁ? ፈቃድ አለኝ። ትምህርት ቤቱ ሩቅ ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሩቅ ነው፣ መስጊዱ ሩቅ ነው።»

«አጠፋሽ አላልንም። የወሰነው ነዋሪው ነው።» የውሳኔውን ደብዳቤ አወጡና በጣታቸው አሳዩዋት። በነዋሪው ጥያቄ መሠረት ይላል።

«ሐይቁ ዳር ያለው መዝናኛስ? እዚያ አረቄ በጀሪካን ነው የሚገባው።»

«እሱ ኢንቨስትመንት ነው።»

«ነዋሪው ማነው?»

አቶ ታመነ ሳጥን ፋይሉን ከፈቱ። በደስታ ነው የከፈቱት። ባለ መስመር ወረቀት፣ ሁለት ገጽ፣ የአርባ ሦስት ሰው ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ። ስህን ከላይ ጀመረች። ወይኒቱ አለች። አባ ሽታው አሉ። ባድሩ አለ፣ በያጁ። አሥራ ሰባተኛው ላይ እሷ ራሷ አለች፣ ከነስልክ ቁጥሯ። ይሄ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ከአርባ ሦስቱ ስም ሃያ አንዱ በእሷ እጅ ጽሑፍ ነው።

አስታወሰችው። የዛሬ ሦስት ሳምንት የእድሩ ድንኳን ሥር ስለ ውሃው ተሰብስበው ነበር፤ በየቤቱ ቧንቧ ሊገባ ነው፣ ፈላጊው ይመዝገብ ተብሎ። እዚህ አገር ስብሰባ በወረቀት ይጀመራል፣ በወረቀት ያልቃል። አናቱ ባዶ የሆነ ወረቀት ይዞራል፣ ሰው ስሙን ይጽፋል፣ ርዕሱ ኋላ ይሞላል። ርዕሱ ኋላ ይሞላል ሲባል ለምን ብሎ የጠየቀ ሰው ስህን በዕድሜዋ አላየችም። እሷም አልጠየቀችም። እንዲያውም ጽሕፈቷ ያምራል ተብሎ ወረቀቱ የተሰጠው ለእሷ ነው። ለሽማግሌዎቹ ስም ጻፈች፣ አውራ ጣታቸውን ይዛ ቀለሙ ላይ አስነካች፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ ጫን አደረገችላቸው። አባ ሽታው ጣታቸው እንዳይቆሽሽ በገዛ ነጠላዋ ጫፍ ጠርጋላቸዋለች። መርቀዋታል።

አሁን አናቱ ባዶ አይደለም። «በሰፈራችን መጠጥ ሻጭ ሱቆች ላይ የቀረበ የነዋሪዎች ቅሬታና የይዘጋልን ጥያቄ» ይላል፣ በሰማያዊ ቀለም። ስህን ርዕሱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ቃሉን አይደለም፣ እጁን። ፊደሎቹ እንደ እሷ ፊደል ወደ ግራ ጋደል ይላሉ፣ እግራቸው እንደ እሷ ፊደል ይረዝማል። በከሰል ያስተማረችው እጅ ነው።

«ይሄ የውሃ ስብሰባ ነው» አለች። ድምፅዋ ቀጥኖ ወጣ፣ ጠላችው።

«የውሃም ነው።»

«ስለ መጠጥ አንድ ቃል አልተነሳም።»

«ልዩ ልዩ ላይ ተነስቷል» አሉ አቶ ታመነ። «ቃለ ጉባኤው ላይ አለ። እህቴ፣ ፊርማው ያንቺ አይደለም?»

«ነው።»

«ታዲያ።»

እዚህ ላይ ሰው ያለቅሳል፣ ወይ ይሳደባል። ስህን ጠየቀች። የፈረሙት ሰዎች መጥተው እኛ እንዲህ አላልንም ቢሉ ምን ያደርጋሉ? አቶ ታመነ ጣሪያውን አዩ። ግማሹ ከመጣ ይታያል አሉ። ሃያ ሁለት ሰው፣ በአካል፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት። ምክር ቤቱ እንደገና ይቀመጣል፣ ጥያቄ ከሌለ ውሳኔውም የለም። ስህን ተነስታ በሩ ጋ ስትደርስ በዚያው ለስላሳ ድምፅ አሏት፦ «አንድ ነገር ንገሪያቸው። ወረቀቱ አንድ ነው። ከዚህ ስሙን ያወጣ፣ ከውሃውም ወጥቷል።»

ቦኖው ጋ ጀሪካኑ ተሰልፏል፤ ሰዉ ጥላ ውስጥ ነው፣ ጀሪካኑ ነው ፀሐይ ላይ የሚቆመው። ውሃው በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፣ ሲመጣም እንደ እንባ ነው። ወይኒቱ ስህንን ስታያት ተነስታ ልትስማት መጣች። ስህን አልተሳመችም።

«ጠዋት በአጥሬ ስር ስታልፊ ሰማሁሽ።»

ወይኒቱ ፊቷ ጠቆረ። «ስህንዬ፣ እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሲሉ ሰምቼ ነው።»

«ለምንድነው የፈረምነው? ንገሪኝ። ለውሃ ነው ለመጠጥ?»

«ለውሃ ነዋ። ምን ጥያቄ አለው።»

«እንግዲያው ነይና ይሄንኑ ለታመነ ንገሪው። አምስት ደቂቃ ነው።» ከዚያ የቀረውንም ነገረቻት፣ ወረቀቱ አንድ መሆኑን፣ ከዚህ የወጣ ከውሃውም እንደሚወጣ። ብትደብቅላት ኖሮ ወይኒቱ ትመጣ ነበር። ደጋግማ ያሰበችው ይሄንን ነው፣ ቀኑን ሙሉ። ግን ተናገረች።

ወይኒቱ ጀሪካኗን ወደ ፊት ገፋች። ተራዋ አልነበረም፣ ዝም ብላ ገፋችው። «ልጄን አይተሻታል? አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፣ በዚህ ጀሪካን ወገቧ ጎብጧል። ሌሊት ታቃስታለች። ያንቺ ሱቅ ቢታሸግ በጓዳ ትሸጫለሽ፣ ሰውም በጓዳ ይገባል፣ ማንም ይሄን ያውቃል። ውሃን እኔ በየትኛው ጓዳ አገኘዋለሁ? ንገሪኝ እስቲ፣ አንቺ ብትሆኚ ትመጫለሽ?»

እሷ ብትሆን አትመጣም። ያናደዳትም ይሄ ነው፤ ሰው ሲበድልሽ ቢያንስ ጥፋተኛ ይሁንልሽ። ሰልፉ ውስጥ ሌሎች ሦስት ፈራሚዎች ነበሩ፣ ሰምተዋል፣ ሁሉም በአንድ ላይ የጀሪካናቸውን ክዳን ማጥበቅ ጀመሩ።

ወደ አባ ሽታው ቤት ወጣች። አባ ሽታው ሰማንያ ያለፋቸው የቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸው፣ በየማለዳው ከቅዳሴ መልስ፣ ጾም ካልሆነ፣ ለሆዴ ነው ብለው አንዲት መለኪያ የሚወስዱ። ነገሩ ሲነገራቸው መቋሚያቸውን መሬት ላይ መቱት።

«እኔ! እኔ ነኝ ይዘጋ ያልኩት? ይሄ ሰይጣን ነው እንጂ ሰው አይደለም።»

«እንግዲያው ይምጡልኝ አባ። በባጃጅ እወስድዎታለሁ፣ በባጃጅ እመልስዎታለሁ።»

መቋሚያውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩት። «ልጄ፣ እኔ እዚያ ቢሮ ገብቼ ስለ አረቄ ቤት ልከራከር? ነገ መቅደስ ስገባ ሰው ምን ይላል? አንቺው አስቢው። በጸሎት አስብሻለሁ።»

«በጸሎት ከሆነማ ምን ቸገረኝ» አለች ስህን፣ ወጣች። እሳቸውም አልተቀየሟትም፣ ወይ አልሰሙም።

እስከ ሰባት ተኩል አሥራ አራት ቤት አንኳኳች። አንዱ ጋ ምሳ ብይ ተባለች። አንዱ ጋ ባለቤቱ የለም አሉ፣ ጫማው በር ላይ ነበር። አንዷ አለቀሰችላት፣ አልቅሳ ስታበቃ አልመጣም አለች። ማንም ሱቅሽ ይዘጋ ያለ የለም። ማንም ይከፈት ሊል የሚመጣ የለም። አርባ ሦስት ሰው ያልጠየቀውን ጥያቄ አርባ ሦስት ሰው ሊመልሰው ፈራ። ፀሐዩ አናቷን በሳት፣ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ተጣበቀ፣ ምሳዋንም አልበላችም።

መጨረሻ የሄደችው ባድሩ ጋ ነው። ከሱቋ ፊት ለፊት ያለው የብረት በርና መስኮት የሚሠራበት ብየዳ ቤት የሱ ነው። መብራት ጠፍቶ ባዶ በርሜል ላይ ተቀምጦ ነበር። መጨረሻ ያደረገችው አፍራ ነው፤ ባድሩ አይጠጣም፣ አባቱም አልጠጣ፣ ስለ አረቄ ምን ብላ ትጠይቀው። ነገረችው። የውሃውንም ነገረችው። እሱ ግን ሌላ ነገር ጠየቀ።

«ስንተኛ ነኝ?»

«ሠላሳ አንደኛ።»

«ስሜን ማን ጻፈው?»

«አንተው ነህ፣ በእጅህ።»

«ወላሂ ጥሩ ነው» አለና መነጽሩን ከግንባሩ አወለቀ። «ነይ እንሂድ።»

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ አቶ ታመነ ፊት ቆሙ። አምሳሉም ነበረ፣ ጥግ ላይ ካለው ጠረጴዛ፣ መዝገብ ላይ አጎንብሶ። ቀና አላለም። አቶ ታመነ ባድሩን አዩት፣ ከኋላው ሌላ ሰው ይኖር እንደሆነ በሩን አዩ። ሌላ ሰው የለም።

«አንተ ሙስሊም አይደለህም እንዴ ባድሩ? አረቄ ምንህ ነው?»

«ስለ አረቄ አልመጣሁም ጋሼ። ስለ ፊርማዬ ነው የመጣሁት። ለውሃ ብዬ የሰጠሁትን ሰው ቤት አትዝጉበት።»

«ከውሃው እንደምትወጣ ተነግሮሃል?»

«ተነግሮኛል። ሰርዙኝ።»

አቶ ታመነ ቀይ እስክሪብቶ አንስተው ሠላሳ አንደኛውን ስም በማስመሪያ ሰረዙት። ቀጥ ያለ መስመር ነው፣ ያምራል። «አርባ ሁለት ቀረ» አሉ።

«አርባ አንድ» አለች ስህን። «አሥራ ሰባተኛዋን ሰርዙ።»

«አንቺማ አትችዪም። ጉዳዩ ያንቺ ነው፣ ባለጉዳይ በራሱ ጉዳይ ላይ ምስክር አይሆንም።»

«ለክሱ ጊዜ ግን ሆኛለሁ።»

አቶ ታመነ ፈገግ አሉ። ስህን ወደ ጥጉ ዞረች። «አምሳሉ። ይሄን ርዕስ መቼ ነው የጻፍከው? ስብሰባው ላይ ነበርክ፣ አጠገቤ ነበርክ። ስለ መጠጥ ተነስቷል? አንድ ቃል ተናገርና እሄዳለሁ።»

አምሳሉ እስክሪብቶውን ከፈተ፣ ዘጋ። ከፈተ፣ ዘጋ። ከዚያ «ቃለ ጉባኤው እንዳለ ነው» አለ፣ ለመዝገቡ።

ኮሪደሩ ላይ ተከትሏት ወጣ። እጇን ሊይዝ ነበር፣ ሸሸችው። በሹክሹክታ ነው የሚያወራው፣ ትንፋሹ የጠዋቱን ሽሮ ይሸታል። «እትዬ ስሚኝ። ሦስት ቤት ፈልጉ ተባልን። ሁለቱ ተገኙ፣ ሦስተኛ ጠፋ። ሁሉም ያንቺን አየ፣ ከዚያ ሁሉም እኔን አየ። የጸሐፊው እህት ስለሆነች ነው የተዘለለችው ቢሉኝስ? የቤት መሥሪያ ቦታ ምደባው በሚቀጥለው ወር ነው፣ ስሜ አለበት። ደግሞ ሌሎቹ ማን አላቸው? አንቺ እኔ አለሁሽ ብዬ እኮ ነው።»

ስህን አየችው። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ኩፍኝ ይዞት ሦስት ሌሊት በጀርባዋ አዝላው ቆማ አድራለች፤ ይሄን አላነሳችበትም። የሚነሳ ነገር አይደለም። «አንተ አለህልኝ» አለች፣ እንደ ጥያቄም እንደ መልስም አይደለም፣ ቃሉን ለመስማት ያህል። ከዚያ ሄደች።

ሱቋ ስትደርስ ቁልፉን አወጣች፣ ከፈተች፣ ገባች፣ መሐል ላይ ቆመች። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ሳሙናውን ታውጣ? የት ታድርገው? ሲታሸግ ምን ውስጥ እንደሚቀር፣ ምን እንደሚወጣ ማን ያውቃል፤ ሁለቱ ሱቆች ከነስኳራቸው ነው የታሸጉት፣ አይጥ እየበላው ነው ይባላል። ቢራውን አየች፣ ፈቃዱን በመስታወቱ አየች። ከዚያ በሩን አየች። ባለ ሁለት ተካፋች የቆርቆሮ በር ነው፣ ከጦርነቱ በኋላ ባድሩ ራሱ የሠራላት፣ በእያንዳንዱ ተካፋች ሁለት ማጠፊያ።

«ባድሩ» አለች፣ ወደ መንገዱ ወጥታ። «ማሸግ ማለት እንዴት ነው የሚያደርጉት?»

«ወረቀት ይለጥፋሉ። ከበሩ ወደ መቃኑ። ወረቀቱ ላይ ማኅተም አለ፣ የቀደደው ይታሰራል።»

«በሩ ባይኖርስ?»

ባድሩ ወደ ብየዳ ቤቱ ገብቶ መዶሻና ፒንሳ ይዞ ተመለሰ። የማጠፊያውን ፒን ከሥር እየመታ አወጣ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስተኛው ዝጎ አስቸገረ፣ ዘይት ጠጣ፣ ወጣ፣ አራተኛውም ተከተለ። ተካፋቾቹን አንድ በአንድ ተሸክመው አሻገሩ፤ ስህን በአንድ ጫፍ፣ እሱ በአንድ ጫፍ። ቦኖ የሚመላለሱት ቆመው ያያሉ። ማንም ምን እያደረጋችሁ ነው አላለም። ስህን ተመልሳ ባዶ የቢራ ሳጥን ገለበጠችና በሩ በነበረበት መሐል ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ምሳዋን፣ ደረቅ ዳቦ፣ መብላት ጀመረች።

አሥር ሰዓት ላይ መጡ። አቶ ታመነ፣ አምሳሉ፣ አንድ ሚሊሻ፣ አንድ ጣሳ ሙጫ ከነብሩሹ። ማኅተም የተመታበት ወረቀት አምሳሉ እጅ ላይ ነው። አቶ ታመነ በግራ አዩ፣ በቀኝ አዩ፣ መቃኑን በእጃቸው ዳሰሱት።

«በሩ የት አለ?»

«ጥገና ሄዷል» አለች ስህን፣ ዳቦዋን እያኘከች።

«ዛሬ?»

«ዛሬ። ማጠፊያው ዝጎ ነበር።»

አቶ ታመነ ወደ ማዶ ዞሩ። ሁለቱ ተካፋቾች ብየዳ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተደግፈው ቆመዋል። ባድሩ በርሜሉ ላይ ነው። «መቼ ይደርሳል?» አሉት።

«መብራት ሲመጣ ጋሼ።»

መንገዱ ላይ የቆመው ሰው ሳቀ። ሴቶቹ ናቸው የጀመሩት፣ ጀሪካን ያዘሉት። አቶ ታመነ ግን አልሳቁም። «አሁን አምጣው ብልህስ?»

«ማጠፊያው ተፈቷል። ያለ ማጠፊያ ብታቆሙት በሰው ላይ ይወድቃል፣ እኔ አልጠየቅም።»

ሚሊሻው በገመድ እንሠረው አለ። ገመድ አይሆንም ተባለ፤ ማሸጊያው ወረቀት ነው፣ ወረቀት ደግሞ በር ይፈልጋል። ዕቃውን እናውጣ አለ። አቶ ታመነ ቆጣ አሉ፣ የተሰጠን ትእዛዝ ማሸግ ነው፣ መውረስ አይደለም፣ ነገ እኔን ልታስጠይቀኝ ነው? ሙጫው ጣሳው ውስጥ ቆዳ እያወጣ ነበር። አቶ ታመነ ከስህን ፊት ቁጢጥ አሉ። ለስላሳ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሻከረ።

«ይሄ ብልጠት አይጠቅምሽም። ሰኞ በር ይዘን እንመጣለን።»

«ይምጡ» አለች። «በሩ ላይም በነዋሪው ጥያቄ ብለው ይጻፉበት።»

ቅጹ ላይ «በሩ መታሸጉን» የሚል መስመር ብቻ ነው ያለው። አቶ ታመነ ሰርዘው «በር ባለመገኘቱ ለሰኞ ተላልፏል» ብለው ጻፉ። ምስክር ያስፈልጋል አሉ። ሚሊሻው መፈረም አልችልም አለ፣ ከሰፈሩ ሰው ማንም ወደ ፊት አልመጣም፤ የሰፈሩ ሰው ዛሬ እስክሪብቶ ሲያይ ወደ ኋላ ይላል። ቅጹን ለአምሳሉ ሰጡት። አምሳሉ እህቱን አየ። ስህን ዳቦዋን ገመጠች። ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ፈረመ። ቶሎ ነው የፈረመው፣ እንደ ለመደው።

አቶ ታመነና ሚሊሻው ሄዱ። ሰዉ ተበተነ። አምሳሉ ቀረ። ኮቱን አውልቆ ክንዱ ላይ አደረገ፣ መሬት አየ፣ ሰማይ አየ፣ ከዚያ ሥራ ሲመለስ እንደሚያደርገው አንድ እግሩን አንስቶ ወደ ውስጥ ሊገባ ሲል ስህን ካለችበት አልተነቃነቀችም።

«ዝግ ነው» አለችው።

በላይዋ አሻግሮ አየ። ሁሉም ነገር ይታያል፤ ሳሙናው፣ አግዳሚው፣ መጋረጃው በነፋሱ ተነስቶ።

«እትዬ፣ እኔ እኮ...»

«ዝግ ነው አልኩህ።»

ቆመ። ከኋላው ደብተሩን በብብቱ የያዘ አንድ አስተማሪ መጣ፣ እንደምን ዋላችሁ አለ፣ የሆነውን አልሰማም። ስህን ተነስታ ሳጥኑን ወደ ጎን ሳበችለት። አስተማሪው ገባ። ሳጥኑን መልሳ ቦታው ላይ አደረገችና ተቀመጠችበት።